የዑሸር ወተት

ሀዋዬ ከፍየል ጋር ታወራለች የሚለው ወሬ ዐደን ዳር ባለችው አል-ዐሪሽ ውስጥ ያልደረሰበት ቤት አልነበረም። ሐሜት ነው እንዳይባል እውነት ነው። ጠዋት የግቢውን አሸዋ ስትጠርግ ታወራዋለች፤ የደረቀ ዳቦ በውሃ ስታርስለት ታወራዋለች፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ያሰጣችውን ልብስ መሬት ሲጥልባት ነፋሱን ትታ እሱን ትቆጣዋለች። የጎረቤት ሴቶች ከአጥሩ ማዶ አንገታቸውን እያሰገጉ፣ «ይቺ ሐበሺያ ጂን ይዟታል» ይባባሉ ነበር። ምን ያድርጉ፣ የምትለው አይገባቸው። ቢገባቸው ኖሮ ጂን ያሉት ነገር አማርኛ መሆኑን ያውቁ ነበር።

ያን ጊዜ ሀዋዬ ወደ አርባው የተጠጋች፣ ቀጠን ያለች፣ ፊቷ ሳቅ የለመደ ግን ሳቁን የሚጋራት ያጣች ሴት ነበረች። ወሎ ውስጥ ሐርቡ አጠገብ ካለች ገጠር ነው የመጣችው። በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ተሻግራ ዐደን ከገባች ወዲህ ቤት ስትቀያይር ቆይታ በመጨረሻ ሐጃ ሐቢባ ቤት ረጋች። ሐጃ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ፣ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው የአብየን ገበሬ ልጅ ናቸው። ባላቸው ወደብ ላይ ሲሠሩ ኖረው ሁለቱ የመኖች አንድ ከሆኑ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ሞተዋል። ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። ቅርብ የቀረው አንዱ ፋሩቅ መንሱራ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል፤ ጁሙዐ ጁሙዐ አስቤዛ ይዞ በሚኒባስ ይመጣል። ሐጃ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወሬ ብቻ አይወዱም። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሲያበቃ፣ ራዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሲቀመጡ፣ ቤቱ ውስጥ ከጣሪያው ማራገቢያ በቀር ሌላ ድምፅ አይሰማም።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ከሐጃ ቤት ጥቂት ራቅ ብሎ የከሚሴዋ ፋጢ ትሠራ ነበር። ሁለቱ የሚገናኙት ቆሻሻ ሊደፉ ሲወጡ ነው፤ እነዚያ ሁለት ቤቶች ደግሞ እንደዚያን ዘመን ቆሻሻ በዝቶባቸው አያውቅም። አንድ የሽንኩርት ልጣጭ ለመጣል ወጥተው ፀሐይ እስኪከርርባቸው ይቆማሉ። ፋጢ ግን ጅዳ የምትሄድበት መንገድ ተገኘላትና ሄደች። ሀዋዬ ከዚያ ወዲህ ቆሻሻውን ደፍታ ወዲያው ትመለሳለች። ለሥራው ዐረቢኛ አላነሳትም፤ አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ለማለት ይበቃታል። ግን በዐረቢኛ ቀልዳ አታውቅም። በዐረቢኛ ሆድ ብሷት አያውቅም። የሆዷን የምታወጣበት ቋንቋ ሌላ ነው፤ እሱን የሚሰማት ሰው ደግሞ አልነበረም። አንዳንድ ቀን ከፈጅር እስከ መግሪብ አንዲት የአማርኛ ቃል ሳትተነፍስ ትውልና ምላሷ የሌላ ሰው ምላስ ይመስላታል።

ሸጋው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከሐጃ ፍየሎች አንዷ መንታ ወልዳ አንዱን አላጠባም ብላ ገፋችው። ሀዋዬ በጡጦ አሳደገችው። ግልገል ሲጠባ ዝም ብሎ ማየት አይቻልምና አወራችው፤ ያኔ ነገር ተበላሸ። ጥቁር ነው፣ ግንባሩ ቦቃ ነው፤ ሸጋው አለችው። ካደገም በኋላ «ና» ስትለው ይመጣል፣ «ተው» ስትለው ይተዋል። ፋሩቅ «ተዓል! ተዓል!» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ቢጠራው ግን ጆሮውን እንኳ አይነቀንቅለትም። «ይሄ ፍየል ሙተርጂም፣ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል» ይል ነበር ፋሩቅ እየሳቀ። ሀዋዬ በዚህ ነገር የምትኮራው ኩራት ለአንድ ፍየል ትንሽ ይበዛል፤ ግን ሌላ ማን አላት?

እከኩ ከጆሮው ሥር ጀመረ። ወዲያው ወደ አንገቱ ወረደ፤ ጠጉሩ እየረገፈ ቆዳው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ፤ ሸጋው ቀኑን ሙሉ ከግንቡ ጋር ሲታከክ ይውላል። ጁሙዐ ዕለት ፋሩቅ መጣና ከሩቅ ቆሞ አየው።

«ይሄ ወደ ሌሎቹ ይጋባል» አለ። «ስመለስ እንዲህ ሆኖ ካገኘሁት አውጥቼ በረሃ እለቀዋለሁ።»

«ዐም ፋሩቅ፣ ይተዉልኝ፣ ይድናል።»

«በምን ይድናል?»

ሀዋዬ ጎንበስ ብላ የሸጋውን ውሃ ቀየረች።

በምን እንደሚድንማ ታውቃለች። መልሱ ከግቢው ጀርባ አሸዋው ላይ በቅሎ ቆሟል። ጦቢያ ነው። ጦቢያ ሲባል አገሩ እንዳይመስላችሁ፤ ቅጠሉን ነው፤ ያ ሰፋፊ አመድማ ቅጠል ያለው፣ ሲሰብሩት ነጭ ወተት የሚያፈስ፣ ወተቱ ዓይን ከገባ የሚያሳውር ቁጥቋጦ። በወሎ ቆላም ያው ነው፣ በዐደንም ያው ነው። አባቷ ሙሂዲን የከብት መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ሰው መርዝ ብሎ የሚሸሸውን ሁሉ እሳቸው ለከብት ያውሉታል፤ እንዶድ ቀጥቅጠው አልቅት የገባበትን በሬ አፍንጫ ያጥባሉ፣ የቁልቋል ወተት ኪንታሮት ላይ ጠብ ያደርጋሉ፣ ለእከክ ደግሞ ጦቢያ። ከብቱ ይድናል። ሰዉ ግን አመስግኖ ሲጨርስ ይፈራቸዋል። «መድኃኒተኛ» ይላቸዋል። መድኃኒት በእኛ ቋንቋ ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው፤ ሲሰጡት ያድናል፣ «መድኃኒት አደረገችበት» ሲባል ደግሞ ይገድላል። የመድኃኒተኛ ልጅ የሚያገባ ደፋር ጠፍቶ ሀዋዬ ዘግይታ ተዳረች። ያም ባሏ ሆዱን በቆረጠው ቁጥር ወጧን እያሸተተ ሲያስቸግራት ቆይቶ ፈታት። ወደ ባሕሩ የገፋት ይኸው ቃል ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም።

ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት፣ በሰው አገር፣ በሰው ግቢ፣ የሚያሳውር ቅጠል ቆርጣ ትግባ? «ሐበሺያዋ ሲሕር ይዛ ገባች» ለመባል ከዚያ በላይ ምን ያስፈልጋል? ሲሕር፣ ድግምት አደረጉ ተብለው ልብሳቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ከቤት የተባረሩ ሴቶች ታውቃለች። በቅጠሉ አጠገብ ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ሸጋው ከወጣ ደግሞ በዚያ ከተማ ውስጥ አማርኛዋን የሚሰማ ፍጥረት አይኖራትም። ነገሩ ይኸው ነው፣ የሚደባበቅ የለውም።

በማግስቱ ሐጃ ሐቢባ መሬቱን በዱላቸው እየነኩ ወደ በረቱ ወጡ። ዓይናቸው ባያይም እጃቸው ያያል። የሸጋውን አንገት ዳሰሱና ጣታቸውን አሸተቱ።

«ጀረብ ነው፣ እከክ» አሉ። «አባቴ ግመሉን ሲይዝበት አውቃለሁ። ዑሸር ነው ሀዋዬ። ዑሸር ብቻ ነው የሚያድነው።»

ይህን ብለው ተመልሰው ገቡ። ጥርሳቸው ስላለቀ ቃሉ አፋቸው ውስጥ ግማሹ ተውጦ ነበር።

ሀዋዬ የሰማችው «ዑሽር» ሲሉ ነው። ዑሽርንማ የወሎ ልጅ አታጣውም፤ ከምርቱ ከዐሥር አንዱ እየተነሣ ለምስኪን የሚወጣው ነው። ልቧ ተነካ። አሮጊቷ በዱኒያ መድኃኒት ተስፋ ቆርጠው፣ ስለ ፍየሉ ብለሽ ለምስኪን አውጪ ያሏት መሰላት። ግን ከምን ታውጣ? እርሻ የላት፣ ጎተራ የላት። አሰበች፣ አሰበችና፣ የታመመው ሸጋው ነው፣ ከሸጋው ሲሳይ ይውጣ አለች። የዕለት መኖውን፣ ዳቦውንም ሣሩንም፣ ዐሥር ቦታ መደበችና አንዱን መደብ በሳህን ይዛ ጎረቤት ዐሊያ ቤት ሄደች። ዐሊያ አንዲት አጥንቷ የወጣ ፍየል አለቻት፤ ከሷ የባሰ ምስኪን በሰፈሩ ውስጥ ለሀዋዬ አልታያትም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ዐሊያ።

«ለፍየልሽ ነው። ለአላህ ብዬ።»

ዐሊያ ሳህኑን ተቀበለች፣ አሸተተች፣ ለፍየሏም ሰጠች። ከዚያ ሐበሺያዋ ጨርሳ አብዳለች ብላ ለሰፈሩ ተናገረች። ሀዋዬ በማግስቱም በሠልስቱም እንዲሁ አደረገች። ሸጋው በበኩሉ መኖው ከመቀነሱ በቀር የተለወጠለት ነገር አልነበረም። እከኩ ደረቱ ጋ ደረሰ።

ሐጃ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠሯት።

«ዑሸሩን አደረግሽ?»

«አድርጌያለሁ ሐጃ። በየቀኑ እየሰጠሁ ነው።»

«እየሰጠሁ? ለማን?»

«ለዐሊያ ፍየል።»

ሐጃ ራዲዮኑን አጠፉት። ራዲዮ የሚያጠፉ ሴት አይደሉም። «ለዐሊያ ፍየል ዑሸር አበላሽ?»

«አዎ፣ በሳህን አድርጌ። ቢስሚላህ ብዬ።»

«ያ ወይሊ! የሰው ፍየል መርዝ አበላሽ? መቼ ሞተች?»

«ኧረ አልሞተችም ሐጃ። እንዲያውም ትንሽ ስባለች።»

ሐጃ ዱላቸውን ፈልገው ሊነሡ ሲንደፋደፉ ሀዋዬ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ያ የፈራችው ቃል፣ መርዝ የሚለው፣ ቅጠሉን ሳትነካው መጣባት። «ወላሂ ሐጃ፣ ከዐሥር አንዱን ብቻ ነው የሰጠሁት!» ብላ ጮኸች። «ዘጠኙን እሱ ነው የበላው!»

ሐጃ ባሉበት ቀሩ። «ከዐሥር አንዱን?» አሉ። ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሀዋዬ የሚያለቅሱ መሰላት፤ ሐጃ ግን ይስቁ ነበር። እንባቸው እስኪወርድ፣ ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። «ዑሽር አይደለም አንቺ ልጅ፣ ዑሸር! ዑ… ሸር! ዛፍ ነው፣ ዛፍ!» እያሉ እጇን ያዙና በጓሮው በር አውጥተው በዱላቸው ወደ አሸዋው ጠቆሙ። አመድማው ቅጠል በነፋሱ ይወዛወዛል።

«ይሄ ነው?» አለች ሀዋዬ። «ይሄማ ጦቢያ ነው።»

«ምን አልሽው?»

«በእኛ አገር ስሙ ጦቢያ ነው። አባቴ በሱ…» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ያን ሁሉ ቀን ሁለት ሴቶች አንድ ቁጥቋጦ እያሰቡ፣ አንዷ ፈርታ ስሙን ሳታነሣ፣ አንዷ ጥርስ አጥታ ስሙ ሳይሰማላት ኖረዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዐረቢኛ ሆድ ባሳት። ሐጃ የምን ልቅሶ እንደሆነ አልጠየቋትም፤ እጇን ግን አልለቀቁም።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሆነ። ወተቱ የሚበዛው ጠዋት ነው። ሀዋዬ እጇን በፌስታል ጠቅልላ፣ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ ቅጠሉን ትሰብርና ጠብ ጠብ የሚለውን በጣሳ ክዳን ትቀበላለች። ሐጃ በሰሊጥ ዘይት አቅጥኚው አሉ፤ አባቷ የሚያቀጥኑት በቅቤ ነበር፤ ክርክር ተነሥቶ በሰሊጡ ተስማሙ። ቁስል የሆነው ቦታ አይቀባም፤ ዓይንና አፍንጫ አጠገብ አይደረስም፤ አንድ ቀን ትንሽ ቦታ፣ አሳርፎ ሌላ ቀን ሌላ ትንሽ ቦታ። እንዳይልሰው አንገቱ ላይ ካርቶን ይጠለቅለታል። ሸጋው ካርቶኑን አጥልቆ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ትልቅ ሹም ይመስል ነበር፤ ከዚያ ሹመቱን ይበላዋል፤ ሀዋዬም ሌላ ካርቶን ትፈልጋለች።

ጁሙዐ ደርሶ ፋሩቅ በረሃ ሲል እናቱ «ተወው» አሉት፤ እናት ተወው ካሉ አለቀ። ሐጃ በዚያ ሰሞን ወንበራቸውን በረንዳው ላይ ያስወጣሉ። ሳያዩ «በዛ፣ በዛ» ይሏታል፤ ሀዋዬም «አልበዛም ሐጃ» ትላለች። ወዲያው ጎንበስ ብላ ለሸጋው በአማርኛ፣ «የሚያዩ መስሏቸው ነው፣ አንተ ዝም በል» ትለዋለች። አንዳንዴ ሐጃ የአብየንን እርሻ፣ የአባታቸውን ግመሎች ያነሡላታል፤ እሷም የአባቷን ነገር በተሰባበረ ዐረቢኛዋ ትነግራቸዋለች። ሐጃ «ጦቢያ» ለማለት ሲሞክሩ «ጦው» አቅቷቸው «ቶቢያ» ይላሉ፤ ሀዋዬ ትስቃለች። ደስተኛ ነበረች። ብዙ ያልቆየ ደስታ ስለሆነ በግልጽ መነገር አለበት።

ቅርፊቱ ረገፈ፤ ከሥሩ ልስልስ ያለ አዲስ ጠጉር በቀለ። ሸጋው ሲድን ሐጃም ወደ ራዲዮናቸው ተመለሱ፤ የሚያነጋግራቸው እከኩ ነበር። ሀዋዬ አልቀየመቻቸውም። የራሷ ጓደኛ ተመልሶላት ነበርና።

ዐረፋ ሲቃረብ ፋሩቅ በረቱ ደጃፍ ቆሞ ሸጋውን ከቀንዱ እስከ ሰኮናው አየው። «ማሻ አላህ» አለ። ሀዋዬ ልጇ እንደተመረቀላት እናት ፈገግ አለች።

«ማሻ አላህ» አለ ደግሞ፣ «ይሄማ ለዑድሒያ ይሆነናል።»

ዑድሒያ የዒዱ ዕርድ ነው። ለዑድሒያ የሚቀርብ እንስሳ ነውር ሊኖርበት አይገባም፤ በሽተኛ አይሆንም፣ አንካሳ አይሆንም፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ አይሆንም። ሀዋዬ ይህን ከልጅነቷ ታውቃለች፤ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩን ከሸጋው ጋር አገናኝታው አታውቅም። እከኩ ሳለበት ቢላዋ አይቀርበውም ነበር። አሁን ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ ያደረገችውም እሷ ናት። ከበረሃ አስጥላ ለቢላዋ አበቃችው።

«ሌላ ቢገዛ አይሻልም ዐም ፋሩቅ?» አለች።

«በቤት እያለ ለምን?» አለ፣ ያለ ምንም ክፋት። እሱ ምን ያውቃል፣ ለእሱ ፍየል ነው። ልትነግረው ፈለገች። ግን እንዴት ተብሎ ይነገራል? የማወራው እሱን ነው፣ ከእሱ ሌላ የሚሰማኝ የለም ብትል፣ ሰፈሩ የሚያወራው ልክ ነበር ይላል እንጂ ሌላ ምን ይላል። ዋጠችው።

በዒዱ ዋዜማ ጠዋት ሀዋዬ እጇን በፌስታል ጠቅልላ ወደ አሸዋው ወጣች። የሚቀባ እከክ አልነበረም። አንድ ቅጠል ሰበረች፤ ወተቱ ጣሳው ክዳን ላይ ተጠራቀመ። ዘይት አልጨመረችበትም። አንድ ጠብታ ይበቃል። ዓይኑ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ነጭ ይለብሳል፤ አንድ ዓይና ፍየል ደግሞ ለዒድ የሚያርድ የለም። በአንድ ዓይኑ ያያታል፣ በሁለት ጆሮው ይሰማታል። እሷም የምትፈልገው ጆሮውን ነው።

«ና ሸጋው» አለች። መጣ። አገጩን ይዛ ቀና ስታደርገው ቀና አለላት። ይህ እጅ ሲቀባው፣ ሲያክለት የኖረ እጅ ነው፤ ከዚህ እጅ ምን ይፈራል?

አባቷ መጡባት። ዕድሜ ልካቸውን መድኃኒተኛ ሲባሉ ኖረው ሞቱ። ውሸት ነበር፤ እሷም ውሸት ነው እያለች ከጎረቤት፣ ከባል፣ ከአገር ተጣልታለች። አሁን ይህችን ጠብታ ብታደርጋት ግን ሰዉ ልክ ይሆናል ማለት ነው፤ ያን ሁሉ ዘመን ሰዉ ልክ ነበር። «ዓይንህን ጨፍን» አለችው። ይህን አላስተማረችውም፤ አፍጥጦ አያት። ክዳኑን አሸዋው ላይ ደፋችና በእግሯ አሸዋ አለበሰችው። ከዚያ በረቱ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሸጋው የሻሿን ጫፍ ያኝክ ነበር።

በማግስቱ ከዒድ ሶላት መልስ ፋሩቅ አራጁን ይዞ መጣ። አራጁ ጥንቁቅ ሽማግሌ ነበር፤ የሸጋውን ጥርስ፣ እግር፣ ዓይን መረመረ። አንገቱ ጋ ሲደርስ ከሌላው ጠጉር ያጠረውን አዲስ ጠጉር አየና እጁን አነሣ።

«ይሄ ታሞ ነበር?» አለ። «ከውስጥ በሽታ ቀርቶበት እንደሆነ አይሆንም። የሚያውቅ ማነው?»

ፋሩቅ እናቱን አየ። ሐጃ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «እኔ አላይም። ያከመችው ሀዋዬ ናት። እሷ ያለችው ነው» አሉ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ዐደን ከገባች ጀምሮ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የእሷን አፍ የጠበቀበት ጊዜ አልነበረም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «መሪድ» ብትል፣ ታሟል ብትል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ የሚመረምራት የለም፤ ሸጋው ወደ በረቱ ይመለሳል፤ ነገ ጠዋት ታወራዋለች። ግን የአሮጊቷ ዒባዳ በእሷ ቃል ላይ ቆሟል። ለአላህ በሚቀርብ ነገር ዋሽታ፣ ከዚያ በኋላ በየትኛው አፏ ታወራዋለች?

«ነውር የለበትም» አለች። «ሰሊም ነው።»

ሐጃ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ መለሱ። ሸጋው ለአራጁ አልያዝ ብሎ ግቢውን ሲዞር ፋሩቅ፣ «አንቺ ጥሪው እንጂ» አላት። ጠራችው። መጣ። ይህን ከዚህ በላይ ማስረዘም አያስፈልግም። ሀዋዬ ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት ከተፈች፤ ሽንኩርት ለእንዲህ ያለ ቀን ጥሩ ነው። ለጎረቤት የሚሰጠውን ሥጋ ራሷ አዳረሰች፤ የራሷ ድርሻ ሲቀርብላት ግን ጥርሴን ያመኛል አለች። ይህችን ውሸት አላህ ይቅር ይላታል።

ከዚያ በኋላ ሐጃ አንድ ሁለት ጊዜ፣ «ሌላ ግልገል ሲወለድ ታሳድጊያለሽ» ብለዋት ነበር። «ኢንሻ አላህ» አለች። ሌሎቹን ፍየሎች ታበላለች፣ ታጠጣለች፤ አታወራቸውም። መጀመሪያ ነገሩ አንገሸገሻት፤ በኋላ ለመደችው። ቀኑ ዝም ብሎ ያልፋል፤ አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ። ማሰቡ ራሱ ቀስ በቀስ በዐረቢኛ ሆነላት፤ ጥቂት ቃል ስለነበራት የምታስበውም ጥቂት ሆነ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ዕቃ ስታጥብ ሞባይሏ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነበር። የሳሙና አረፋ ባለበት እጇ አነሣችው።

«አይዋ፣ መን መዒ?» አለች፣ ማን ልበል ለማለት።

መስመሩ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ አንዲት ሴት ከአጠገቧ ላለ ሰው ስትናገር ተሰማት፦ «ዐረብ ናት ያነሣችው። እሷ አይደለችም።» ዋሂዳ ናት፣ ታናሽ እህቷ፣ የሰው ስልክ ለምና የደወለች። ሀዋዬ አፏን ከፈተች። አማርኛው ሊመጣ ሲል ቀድሞ ምላሷ ላይ የደረሰው «ላ፣ ላ፣ ላሕዛ!»፣ አይ፣ ቆይ፣ የሚለው ዐረቢኛ ነበር። «ይቅርታ እትዬ፣ ቁጥር ተሳስተን ነው» አለች ዋሂዳ፣ ለባዕድ ሰው በሚሰጥ ትሕትና። ስልኩ ተዘጋ።

መልሳ መደወል ትችል ነበር። ወዲያው አልደወለችም። እጇን በቀሚሷ አደረቀች፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች፤ ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። «እኔ ነኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ልክ አልመሰላትም። ጉሮሮዋን ጠራርጋ እንደገና ሞከረች። «ዋሂዳ፣ እኔ ነኝ። ሀዋ ነኝ፣ እህትሽ» አለች፤ እህቷ እንድታውቃት፣ ድምፁ የራሷ እስኪመስላት ድረስ ደጋገመችው።